የቀኛዝማቹ ቀኝ

በድሮ ዘመን፣ ሰው ሁለት እጅ እንዳለው አገር ሁሉ እያወቀ አንድ ጌታ ብቻ በረሱበት ዘመን፣ ቀኛዝማች አምባው የሚባሉ ሹም ነበሩ። ድምፃቸው ትልቅ፣ ካባቸው ትልቅ፣ ሐሳባቸው ግን አንድ ነበር።

ጓንጉል የሚባል ገበሬም ነበር። እግሩ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ ረጅም፣ ላሙ አንዲት ነበረች።

ጓንጉል ይታይሽ የምትባል ሚስት ነበረችው። ምላሷን አገር ያውቀዋል፤ እናንተም ትንሽ ቆይታችሁ ታውቁታላችሁ።

እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ታች በር በሚባል አገር ነው። ከእነሱ ከፍ ብሎ ላይ በር የሚባል አገር አለ። በሁለቱ መካከል አንድ ጨፌ አለ። በጋውን ሙሉ ውኃ አይለየውም፣ ሣሩም አይደርቅም። ለሁለት አገር ከብት ግን አይበቃም።

ስለዚህ አባቶች ተሰብስበው እንዲህ ሲሉ ተዋዋሉ፤ "ለሣር ብለን ደም አንፋሰስ። በየዓመቱ በልደት ቀን ገና እንጫወት። ያሸነፈ እስከ ክረምት ከብቱን በጨፌው ያብላ። የተሸነፈ ቆላ ይውረድ።"

ገና እንዴት እንደሚጫወቱት መቼም ሰምታችኋል። ሁሉም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይይዛል። ሩር የምትባለው ድቡልቡል እንጨት መሐል ሜዳ ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱ ወገን እየተጋፉ፣ እየተማቱ፣ ወደ ባላጋራ ዳር ይነዷታል። አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሻገረ ያሸንፋል።

ከዚህ የቀለለ ጨዋታ የለም። ታች በሮች ግን ሰባት ዓመት ተከታትለው ተሸነፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን የሚያዙት ቀኛዝማች አምባው ነበሩ። ወንበራቸው ከታች በሮች ዳር ኋላ ይቀመጣል። እሳቸው ይቀመጡበታል። ጭራቸውን በቀኝ እጃቸው ይይዛሉ። ከዚያ ሩሯ ወደ እነሱ ወገን በመጣች ቁጥር ጭራውን ወደ ቀኝ ወርወር አድርገው፣

"በቀኝ!" ይላሉ።

በቀኝ ትልቅ ሾላ አለ። በግራ ምንጭ አለ። ሩሯ ወደ ሾላው ትሄዳለች። እዚያ አንዳርጌ የሚባል እንደ በሬ የደነደነ ሰው ይቀበላታል። እዚያው ደግሞ አርባ የላይ በር ሰዎች ይጠብቁታል። አርባ ዱላ በሁለት ቅልጥም ላይ ያርፋል። ሩሯም ትነጠቃለች።

"በቀኝ!" ይላሉ ቀኛዝማች ደግመው።

ሾላ። አርባ ዱላ። ሁለት ቅልጥም።

"በቀኝ!" ይላሉ ሦስተኛ።

የላይ በሮች አዛዥ አያ ሽባባው ጆሯቸው ከከዳቸው ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ነጎድጓድ አይሰሙም። የቀኛዝማችን ትእዛዝ ግን ከሾላው ሥር ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ ቀድመው ይናገሩ ነበር።

"አሁን በቀኝ ሊሉ ነው" ይላሉ።

"በቀኝ!" ይላሉ ቀኛዝማች።

"አላልኳችሁም?" ይላሉ አያ ሽባባው፤ አንድ ጭብጥ ቆሎም ይጨምራሉ።

በግራ በኩል፣ በምንጩ ዳር፣ የሚቆመው ጓንጉል ነበር። አገሩ ላይ እሱን በሩጫ የሚቀድም የለም። ሰባት ዓመት ግን ሩሯን አልነካትም። የወይራ ዱላው አንድ ጭረት አልነበረበትም።

"ይህን ዱላ ጠራርገህ ለልጅህ ጥሎሽ ስጠው፤ አዲስ ነው" ትለዋለች ይታይሽ።

"ገና ነው" ይላል ጓንጉል።

ታች በሮች ሁሉ እንደዚሁ ይሉ ነበር። በጠዋት ሲሸነፉ "ገና ነው!" ይላሉ። በቀትር ሲሸነፉ "ገና ነው!" ይላሉ። በነጋታው ከብቶቻቸውን ወደ ቆላ ሲነዱ፣ ዞር ብለው ጨፌውን እያዩ፣ "የከርሞ ሰው ይበለን፤ ገና ነው" ይላሉ።

ቆላው ግን ቀልድ አልነበረም። ጓንጉል መጀመሪያ ሦስት ላሞች ነበሩት። አንዷ በቆላ ኩሬ አልቅት ዋጠችና ሞተች። ሁለተኛዋ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራታ ገደል ገባች። ዳልቻ ብቻ ቀረች።

ሰው መቼም ዝም አይልም። ታች በሮችም ዝም አላሉም። ሦስት ዓመት፣ በሦስት መንገድ፣ ቀኛዝማችን ለማስረዳት ሞከሩ።

በአምስተኛው ዓመት በስድብ ሞከሩ። የገና ዕለት መስደብ ይፈቀዳል፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል የለ? ወንዱም ሴቱም ከበው በቀኛዝማች ላይ የስድብ ግጥም አወረዱባቸው፦

"ቀኝ ቀኝ ሲል ዋለ፣ ቀኝ ቀኝ ሲል መሸ፣
ግራው ሣር አበቅሎ ቀኙ ተበላሸ።"

ይታይሽ ደግሞ ከሴቶቹ መሐል ወጣ ብላ፣

"ባሌን በግራ በኩል ተክለውት ቢሄዱ፣
ወፍ ጎጆ ሠራበት ቢመስለው ግንዱ"

አለች። ሜዳው በሣቅ ተናወጠ። ቀኛዝማችስ? ከሁሉ አብልጠው የሣቁት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ፤ እንባቸውን ጠረጉ፤ ለይታይሽ አንድ ዋንጫ ጠላ አዘዙላት። ከዚያ ጭራቸውን አነሡና፣

"በቀኝ!" አሉ።

ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ። ጌታ አይቆጣም የተባለ ዕለት ጌታ አይሰማም።

በስድስተኛው ዓመት በሽማግሌ ሞከሩ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከቀኛዝማች ደጅ ቆሙ።

"ጌታችን፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግራ ይሞከር" አሉ።

ቀኛዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"እኔ ማን ነኝ?"

"ቀኛዝማች አምባው።"

"ቀኛዝማች ማለት?"

"የቀኝ አዛዥ።"

"እንግዲህ እኔ በሕዝብ ፊት 'በግራ' ያልኩ ዕለት ማን ልባል ነው?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራዝማች የግራ አዛዥ ነው፤ ከቀኛዝማችም አንድ እርከን ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

"ግራ ገባን" አሉ።

"እሱ የእናንተ ነው" አሉ ቀኛዝማች። "እኔ ግን ግራ አልገባም።"

በሰባተኛው ዓመት ጓንጉል ራሱ በቁጥር ሞከረ። በግራ ቆሞ ሥራ ስላልነበረው ሁለት ቅል በወገቡ አሰረ፤ ኪሱን ባቄላ ሞላ። ቀኛዝማች "በቀኝ" ባሉ ቁጥር አንድ ባቄላ በቀኙ ቅል ይጥላል። "በግራ" ካሉ በግራው ሊጥል ነው። ሲመሽ ሁለቱን ቅል ይዞ ከፊታቸው ቀረበ።

"ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ በቀኝ አዘዙ። የገባችው አንድ ጊዜ ናት። እሷም አንዳርጌ ወድቆ ሲንከባለል ከሥሩ ተንከባልላ የገባች ናት።"

"እውነት ነው" አለ አንዳርጌ ቅልጥሙን እያሸ። "እኔም መግባቷን የሰማሁት ከሰው ነው።"

"በግራው ቅል ስንት አለ?" አሉ ቀኛዝማች።

"ባዶ ነው ጌታዬ።"

"በግራ ስንት ገባ?"

"ምንም። ግን እኮ በግራ አላዘዙም—"

"ምንም!" አሉ ቀኛዝማች ወደ ሕዝቡ ዞረው። "በቀኝ አንድ ገብቷል። በግራ ምንም አልገባም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ባቄላው ነው።"

በአጠገባቸው የነበሩት ሎሌዎች "ጌታችን በቁጥር ረቱት!" ብለው አጨበጨቡ። ጓንጉል ባቄላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ይታይሽም ቀቀለችው።

ስምንተኛው ዓመት መጣ። ዳልቻ ከብዳለች። የምትወልደው በሚያዝያ ነው። ቆላ ከወረደች ግን ቁልቁለቱን አትችለውም፤ ይህን ጓንጉልም ያውቃል፣ ይታይሽም ታውቃለች። ልደት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት በአውድማቸው ላይ ገለባ ያነሡ ነበር። ጓንጉል በድንገት መንሹን አቆመና፣

"የማን ቀኝ ነው ቀኝ?" አለ።

"ምን ነካህ አንተ?"

"አዋጁን ነው የምልሽ። ረሳሽው?"

ይታይሽ አልረሳችውም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ሩሯን ሊመልስ ዞሮ ሳለ "በቀኝ" ቢባል ወደ ራሱ ቀኝ ሮጠ፤ ወደ ምንጩ ማለት ነው። ቀኛዝማች ጨዋታውን አስቆሙና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቀኝ ማለት የእኔ ቀኝ ነው! ሌላ ቀኝ የለም!" አሉ። ነጋሪት ተጎሰመ፤ በሦስት ገበያ ተነገረ።

"የእሳቸው ቀኝ ነው" አለች ይታይሽ። "እና?"

"እሳቸው የሚቀመጡት የት ነው?"

"ከኋላችሁ።"

"ከፊታችን ቢቀመጡስ?"

ይታይሽ ገለባውን ጣለች። ከባሏ ፊት ለፊት ቆመች። ቀኝ እጇን አነሣች። እጇን አየች፤ የባሏን እጅ አየች፤ እጇ የተዘረጋው በባሏ ግራ በኩል ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ሣቀች።

"ሦስት ዓመት ሰውየውን ልናዞር ደከምን" አለች። "ወንበሩ ግን እግር እንጂ ማዕረግ የለውም።"

ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ቀኛዝማች ሄደች።

"ጌታዬ፣ ለምን እንደምንሸነፍ ገባኝ" አለች።

"በግራ ልትይኝ ከሆነ ከመጣሽበት ተመለሽ።"

"አፌን ይያዘው! ግራ ደግሞ ምኑ ይወራል? ጥፋቱ የካባዎ ነው።"

"የካባዬ?"

"የጥልፉ ወርቅ ያለው በየት በኩል ነው?"

"ከፊት፣ ከደረቴ ላይ።"

"ይኸው! እርስዎ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ተጫዋቹ ወደፊት ይሮጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ የታች በር ሰው ይህን ደረት አይቶ አያውቅም። ምኑን አይቶ ይጀግን? አያ ሽባባውስ ቢሆን ከአፍንጫቸው ሥር ካላዩት ምን ያስፈራቸዋል? ከላይ በሮች ዳር ከጉብታው ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ለእኛ ፀሐይ ይውጣልን፣ ለእነሱ ይጥለቅባቸው።"

ቀኛዝማች ካባቸውን ዝቅ ብለው አዩት። ወደ ቀኝ አዩት፤ ወደ ግራም አዩት። በግራ በኩል የተመለከቱት ያን ዕለት ብቻ ነው ይባላል።

"ይህን ራሴም አስቤበት ነበር" አሉ።

ልደት ደረሰ። ወንበሩ በጉብታው ላይ ተተከለ። ላይ በሮች ባላጋራ ሹም በራሳቸው ዳር ሲቀመጥ ቢያዩ ሣቁ፤ በገና ማንም የትም ይቀመጣል። አያ ሽባባው አርባ ሰዎቻቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ከሾላው ሥር ወረዱ፤ ቆሏቸውንም ፈቱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ፀሐይ ከራስ ሳትደርስ ላይ በሮች ሁለት ጊዜ አሻገሩ። አንድ ከቀራቸው ጨፌው የእነሱ ነው። ታች በሮች "ገና ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀንሷል።

ሩሯ ወደ ታች በሮች መጣች። ቀኛዝማች ደረታቸውን ነፍተው ጭራውን ወርወር አደረጉ።

"በቀኝ!"

ጭራው የጠቆመው ወደ ምንጩ ነው። አንዳርጌ ግን ሰባት ዓመት የለመደ ሰው ነው፤ እግሩ ሳይጠይቀው ወደ ሾላው ወሰደው። ሾላ። አርባ ዱላ። ሁለት ቅልጥም።

"ምን ዓይነት ድፍረት ነው!" ብለው ቀኛዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። "እኔ ወዴት ነው ያልኩት? የማን ቀኝ ነው ቀኝ?"

"የቀኛዝማች ቀኝ!" አለች ይታይሽ ከዳር ሆና። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ሽማግሌዎቹ ተቀበሏት፤ ሜዳው ሁሉ "የቀኛዝማች ቀኝ!" ብሎ ጮኸ። አንዳርጌ መሬት ላይ እንዳለ ጭራውን አየ፤ ምንጩን አየ፤ ፊቱም እንደ ሕፃን በራ።

ታች በሮች ሩሯን መልሰው ነጠቁ።

"በቀኝ!"

አንዳርጌ ወደ ምንጩ መታት። እዚያ ጓንጉል ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ ሰው የለም፤ ወፍ እንኳ የለም። ስምንት ዓመት የጠበቃት ሩር እየተንከባለለች መጣች። ጓንጉል ዱላውን ከፍ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረና... አየር መታ። ሩሯ በእግሮቹ መሐል አለፈች።

"ምነው?" አለች ይታይሽ። "እጅ ነሣሃት እንዴ?"

"ገና ነው!" አለ ጓንጉል፤ ዞሮ ሮጦ ውኃው ሳይወስዳት ደረሰባት። ወደ አንዳርጌ መለሳት።

"በቀኝ!" አሉ ቀኛዝማች ሦስተኛ።

አሁን ዱላው ሩሯን አገኛት። ጠ! አለች። ጓንጉል በምንጩ ዳር ዳር እየነዳት ሄደ፤ የከለከለው የለም። ዳሩን አልፋ፣ ጉብታውን ወጥታ፣ ከቀኛዝማች ወንበር ሥር ገብታ ቆመች።

ከሾላው ሥር ያሉት አርባ ሰዎች ሊነሡ ሲሉ አያ ሽባባው እጃቸውን ዘረጉ።

"ከቦታችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ! ሰውየው ተሳስተው ነው። አሁን ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። እኔ አውቃቸዋለሁ።"

አርባው ቁጭ አሉ። ጓንጉል ሁለተኛ አሻገረ።

"አያ፣ ኧረ በምንጩ በኩል ነው የሚመጡት!" አለ አንዱ በጆሯቸው እየጮኸ።

"ሰባት ዓመት የሠራ ጥበብ በአንድ ቀን አይጣልም!" አሉ አያ ሽባባው። "ቆሎ ብላ።"

ጓንጉል ሦስተኛ አሻገረ።

ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። ቀኛዝማች ከወንበራቸው ሥር ሩሯን አንሥተው ከፍ አድርገው ያዙና ሕዝቡ ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

"ሰባት ዓመት 'በቀኝ' ስላችሁ ምን ነበር የምትሉኝ? ሰደባችሁኝ። ሽማግሌ ላካችሁብኝ። ባቄላ ቆጠራችሁብኝ። ይኸው! በቀኝ ገባ!"

ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን አሹ። አንዳርጌ ሳል ያዘው። ጓንጉል ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣

"እውነት ነው ጌታዬ፤ በቀኝዎ ነው የገባው" አለ።

ዳልቻ በጨፌው ከረመች። በሚያዝያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥጃ ወለደች።

ለጓንጉል የተሰጠው ሽልማት ደግሞ ይህ ነው። ቀኛዝማች ወንበራቸውን መታ መታ አድርገው፣ "ይህ ቦታ ገድ ሰጠኝ፤ ወንበሬን ከእንግዲህ ተሸክመህ የምታስቀምጥልኝ አንተ ነህ" አሉት። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ሦስት ጊዜ ላሻገረ ጀግና ወንበር ተሸካሚነት! እልል ያለችው ይታይሽ ብቻ ነበረች።

በዓመቱ አያ ሽባባው ጥበባቸውን አደሱ፤ አርባ ሰዎቻቸውን ከምንጩ ዳር ተከሉ። ጓንጉል ወንበሩን በጀርባው አዝሎ መጣ። ምንጩን አየ፤ ሾላውን አየ። ከዚያ፣

"ጌታዬ፣ ከጉብታው ዘንድሮ ነፋስ አለ፤ ለካባዎ አይሆንም" ብሎ ወንበሩን ከድሮው ቦታ ከኋላ አስቀመጠው።

"በቀኝ!" አሉ ቀኛዝማች።

ሩሯ ወደ ሾላው ሄደች። አንዳርጌ ቅልጥሙን ማንም ሳይነካው ዳር ደረሰ። እንደ ደረሰም ቁጭ ብሎ አለቀሰ ይባላል።

በአሥረኛው ዓመት አያ ሽባባው ሃያ ሰው በምንጩ፣ ሃያ ሰው በሾላው አቆሙ። ያን ዕለት ጓንጉል በጨዋታው መሐል "ጌታዬ፣ ፀሐይ መጣችብዎ" እያለ ወንበሩን አራት ጊዜ አዟዟረው። ቀኛዝማች አራቱንም ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ፤ አራቱንም ጊዜ "በቀኝ!" አሉ፤ ጨፌውም የታች በሮች ሆነ። ቃላቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለወጡም፤ በዚህም እጅግ ይኮሩ ነበር።

አያ ሽባባው በስተርጅና የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ "ከሹም ጋር መጫወት እንዴት ቀላል ነበር! ያስቸገረን ወንበር ተሸካሚው ነው" ይሉ ነበር።

ስለዚህ ልጆች፣ አንድ ቃል ብቻ የሚያውቅ ጌታ ቢገጥማችሁ ቃሉን ለማስለወጥ ጉሮሯችሁን አትጨርሱ። ሰውን ማዞር ቢያቅት ወንበሩን ማዞር ነው። ትእዛዝ ከጌታ አፍ ይወጣል፤ አቅጣጫው ግን ያለው ከተሸካሚው ጫንቃ ላይ ነው።

እኔ ያየሁትን አይደለም፣ የሰማሁትን ነገርኳችሁ። የጣማችሁ ለጎረቤት ንገሩ፤ ያልጣማችሁ ወንበራችሁን አዙሩ።